ሻምፓኝ በአምቦ ጠርሙስ

የመጀመሪያው ጠርሙስ የፈነዳው ለእሑድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። መጀመሪያ የመሰለኝ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ነበር። ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ትራንስፎርመሩ ርችት ያሳየናል፣ ከዚያ ሻማ ፍለጋ ነው። ግን መብራቱ አልጠፋም። ሁለተኛው ፈነዳ። ከዚያ የማርና የጌሾ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ አልጋዬ ስር የሆነ ነገር ይንጠባጠባል። ያኔ ገባኝ። ለጓደኞቼ «የቤት ሻምፓኝ» ላጠጣ ብዬ የደረደርኳቸው ስድስት የቢራ ጠርሙሶች ተራቸውን ጠብቀው እየሄዱ ነው።

ጋቢ ተከናንቤ ደጅ ወጣሁ። ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ አጥንት ይገባል። አከራዬ እማማ በራቸውን ገርበብ አድርገው፣ «ምንድን ነው ልጄ? ሲሊንደር ነው እንዴ?» አሉ።

«አይ እማማ፣ ጠጅ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ጠጅን አፍነህ አስቀምጥ ያለህ ማነው?»

«ዩቲዩብ» ማለት አሳፍሮኝ ዝም አልኩ።

ይሄ ታሪክ የሚጀምረው ግን ከጠጁ ሳይሆን ከኪሳችን ነው። አምስት ጓደኛሞች ነን። ሦስታችን አምስት ኪሎ አብረን ተምረናል፦ እኔ፣ አሁን ባንክ የገባው ልጅ፣ እና ሲቪል። ሲቪልን ሲቪል የምንለው በተማረው ነው፤ እናቱ እንኳን አንዳንዴ ይሳሳታሉ። አራተኛዋ ዲዛይነር ናት። አምስተኛዋ የሰፈራችን ልጅ ናት፣ ጳውሎስ አካባቢ ፋርማሲ ትሠራለች። ቅዳሜ ማታ መገናኘት ከጀመርን ስድስት ዓመት ሆነን። በፊት ውጪ ነበር የምንገናኘው። ለልደት ወይም ለሥራ ዕድገት ተዋጥተን አንድ የጣሊያን ፕሮሴኮ እንከፍትና አምስት ቦታ እናካፍላታለን፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ጉንጭ ይደርሰዋል። ሦስት ጉንጭም ቢሆን ቡሹ ሲጮህ ቀኑ ቀን ይሆናል።

ከዚያ ጥቅምት 2015 መጣ። መንግሥት ለ38 ዓይነት ሸቀጦች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ሲወስን፣ ከውጭ የሚገባ አልኮል ከመኪናና ከሽቶ ጋር ዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ ክልከላው ተነሣ፣ ግን በዚያው ሰሞን የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ማለትም ጠርሙሷ ወደ ሱቅ መደርደሪያ ተመለሰች፣ ዋጋዋ ግን ለእኛ ስላልሆነ ከመስታወት ኋላ ያለች ያህል ነው። አንድ ማታ ባንከሩ ሜኑውን ገልብጦ አየና፣ «ልጆች፣ በዚህ ብር እቤት ብንጠጣ እኮ ቅዳሜን ለወር እናደርሳታለን» አለ። በነጋታው ቡድናችን ቴሌግራም ላይ ስሙ ተቀየረ፦ «ጉለሌ ባር»።

ባሩ የኔ ቤት ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ ላፕቶፕ የምሠራበት ጠረጴዛ፣ አራት የፕላስቲክ ወንበር። ሼከራችን የለውዝ ቅቤ ብልቃጥ ነው፤ ክዳኑ ጠበቅ ካለ ከየትኛውም ሆቴል ሼከር አያንስም። መለኪያችን ፋርማሲስቷ ያመጣችው የሳል ሽሮፕ ኩባያ ናት፤ መስመር ያላት ስለሆነች ማንም «እጄ ከበደብኝ» ብሎ አያመልጥም። በረዶ በፌስታል ውሃ አስረን የእማማ ፍሪጅ ውስጥ እናስቀምጣለን። መብራት ከሌለ ደግሞ ጉለሌ ራሱ ፍሪጅ ነው፤ በነሐሴ ጠርሙሱን መስኮት ላይ ማሳደር ይበቃል።

ብዙ ሞክረናል። ስኳርና ውሃ እኩል ለእኩል አፍልተን ጦስኝ እንጨምርበትና ሲቀዘቅዝ እናጠለዋለን። አንድ ኩባያ ከእሱ፣ ሁለት ኩባያ ባሮ ጂን፣ ግማሽ ሎሚ፣ ከዚያ አምቦ እስከ አፉ። ይሄ የቤቱ መጠጥ ነው፣ «እንጦጦ» እንለዋለን። ከጦስኝ ፋንታ ጤና አዳም ሞክረን ነበር፤ ለቡና ነው የተፈጠረው፣ እዚያው ይኑር ብለን ተውነው። ቀይ ወይን በኮካና ቱርቦ፣ ማለትም ነጭ ወይን፣ ቢራና ስፕራይት በአንድ ጆግ፣ እኛ የፈጠርናቸው አይደሉም። ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል፣ ሁሉም ሰው ደግሞ ጠዋት ላይ ይረግማቸዋል።

ከሁሉ የምወደው ግን ቀላሉን ነው፦ ጉደር በአምቦ። ጉደር የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ቀይ ወይን ነው፤ አባቶቻችንም ጠጥተውታል። ስሙን የወሰደባት የጉደር ከተማ ከአምቦ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው የምትርቀው። አምቦ ውሃ ደግሞ ከ1920ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ የሚሸጥ፣ ጋዙን ከመሬት ውስጥ ይዞ የሚወጣ ውሃ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ብርጭቆ ውስጥ ይገናኛሉ። ነጭ ካሰኘን የዝዋዩ ካስቴል አለ። የመጀመሪያ ወይኖቹን ገበያ ላይ ያወጣው በ2006 ነው፤ አኬሺያው ትንሽ ጣፈጥ ስለሚል ከሎሚና ከአምቦ ጋር ይስማማል። ይሄን ሲጠጡ ምላስ ላይ ይፈላል፣ ብርጭቆው ላይ አረፋ ይወጣል። ዲዛይነሯ ግን አንድ ቀን ብርጭቆዋን ወደ መብራቱ አንስታ፣ «አሪፍ ነው፣ ግን ሻምፓኝ አይደለም። ቡሽ የለውም» አለች።

ችግሬ እዚህ ጋ ጀመረ። «አይቻልም» የሚል ነገር ከሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ የሙያ በሽታ ነው።

ማንበብ ጀመርኩ። እኛ አገር አረፋ ያለው ወይን ሁሉ ሻምፓኝ ነው፤ ሠርግ ላይ የሚረጨው፣ ምርቃት ላይ የሚከፈተው፣ አልኮል የሌለው ራሱ። ፈረንሳዮቹ ግን ስሙን ሻምፓኝ ከሚባለው አካባቢያቸው ለሚወጣው ብቻ ነው የሚፈቅዱት። አሠራሩ አድካሚ ነው። ያለቀለት ወይን ላይ ስኳርና እርሾ ይጨመርና ጠርሙሱ ውስጥ ተዘግቶ ሁለተኛ ጊዜ ይብላላል፤ ከዚያ ቢያንስ 15 ወር ሳይሸጥ ይቀመጣል። ፕሮሴኮ ርካሽ የሆነበት አንዱ ምክንያት ሁለተኛው መብላላት የሚካሄደው በየጠርሙሱ ሳይሆን በትልቅ የብረት ጋን ውስጥ በመሆኑ ነው። ሦስተኛው መንገድ እንደ ለስላሳ መጠጥ ጋዝ መጨመር ነው። አራተኛው ከሁሉ የቆየው ነው፦ መብላላቱ ሳያልቅ ጠርሙስ ውስጥ መዝጋትና የቀረውን ጋዝ እዚያው እንዲሠራ መተው።

አራተኛውን ሳነብ ላፕቶፑን ዘጋሁት። ይሄ እኮ ጠጅ ነው! እማማ በየፋሲካው የሚጠነስሱት ጠጅ ለጋ እያለ ምላስ ላይ ይፈላል፤ ክዳኑ ልል ስለሆነ ብቻ ነው ጋዙ የሚያመልጠው። ማር አለ፣ ጌሾ አለ፣ ጠርሙስ አለ። ሚሊዮን ዓመት ፕሮሴኮ ስንመኝ ሻምፓኛችን ጓዳ ተቀምጧል።

ጠነሰስኩ። አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ። እማማ ማሰሮውን በወይራ አጥነው ሰጡኝ፤ ለምን እንደፈለግኩት አልነገርኳቸውም። በአምስተኛው ቀን የጌሾ እንጨት ጨመርኩ። ክፍሉ ስለሚበርድ ማሰሮውን ብርድ ልብስ አልብሼ፣ እኔ በጋቢ ተኛሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አጠለልኩትና በስድስት የቢራ ጠርሙስ ገልብጬ ክዳን በመግጠሚያ መታሁበት። በአሥራ አምስተኛው ቀን እማማ «ሲሊንደር ነው እንዴ?» አሉ።

ስህተቱ ቁጥር ነበር። የሻምፓኝ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ግፊት ስድስት ከባቢ አየር ይደርሳል፣ ከመኪና ጎማ ሁለት እጥፍ በላይ። ለዚህ ነው መስታወቱ ያን ያህል ወፍራም የሆነው፣ ቡሹም በሽቦ የሚታሰረው። የቢራ ጠርሙስ የሚችለው የቢራን ነው። የኔ ጠጅ ውስጥ ደግሞ ገና ያልተበላ ብዙ ስኳር ነበር፣ እርሾው አልጋዬ ስር ሌት ተቀን ሲሠራ ከረመ። በነጋታው መሬቱን ስጠርግ ኮርኒሱ ላይ የተሰካ ስባሪ አየሁ። አልጋው ባይከልለኝ ኖሮ ይሄን ጽሑፍ የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ነበር። ስለዚህ በግልጽ ልናገር፦ እየፈላ ያለ ጠጅ ተራ መስታወት ጠርሙስ ውስጥ አትዝጉ። በጭራሽ።

መፍትሔው የሁለት ሊትር የአምቦ ፕላስቲክ ነበር። ፕላስቲክ ይወጠራል እንጂ አይበታተንም፤ ጎኑን በአውራ ጣት ጫን ብሎ ግፊቱን ማወቅ ይቻላል። እንደ ድንጋይ ሲጠነክር ክዳኑን ላላ አድርጌ አስተነፍሰዋለሁ። በሁለተኛው ጥንስስ እንደዚያ አደረግኩ፣ ከዚያ መስኮት ላይ አሳድሬ አቀዘቀዝኩት።

ያ ቅዳሜ የጉለሌ ባር ትልቁ ቀን ነበር። አምስት ብርሌ ከመርካቶ ገዝቻለሁ። ብርሌ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ እንደ ሻምፓኝ ብርጭቆ ጋዙን ቶሎ አይለቅም። ክዳኑን ሳዞር ፉጨቱ ጎረቤት ተሰማ። እኛ የምንኖረው ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍ ብለን ነው፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ጋዝ ለመውጣት ይቸኩላል። አረፋው እስከ ክርኔ ወረደ። ወርቃማ፣ ጭስ ጭስ የሚል፣ ምላስ ላይ የሚጨፍር። ዲዛይነሯ ቀምሳ፣ «እሺ፣ ሻምፓኝ ነው» አለች። ለፋርማሲስቷ እንደ ሁልጊዜው ሚሪንዳዋን ከፈትኩላት። ሙስሊም ናት፤ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን «ቅመሺ» ያላት ሰው የለም።

ሲቪል ብርሌውን ተቀበለኝና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ዛሬ ይቅርብኝ» አለ።

«ምን ማለት ነው ይቅርብኝ? አንድ ወር የለፋሁበት ነው!»

«አይ፣ በእውነት።»

«መድኃኒት ጀመርክ?» አለ ባንከሩ። «አይ።» «ጾም ያዝክ?» «አይ።» «እና ምን ሆነህ ነው?» ዲዛይነሯም ገባችበት፤ «አንዴ ቅመሰውና ተወው»። እኔ ደግሞ ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ብርሌውን አንሥቼ፣ ልክ እናቴ ለእንግዳ እንደምታደርገው ወደ አፉ አስጠግቼ፣ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» አልኩት። ሁሉም ሳቀ። እሱም ሳቀ። ብርሌውን ከእጄ ወስዶ ይዞት ተቀመጠ፣ ሌላ ጨዋታ መጣ፣ ረሳነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ራይድ ጠርቶ ሄደ። ስናጸዳ ብርሌው እንደተሞላ ነው፤ አረፋው ሞቷል።

በነጋታው ደወልኩለት። መጀመሪያ «ደክሞኝ ነው» አለ። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ሁለት ወር ሆነኝ ካቆምኩ» አለኝ። የሚሠራበት ሳይት ከቆመ ጀምሮ ማታ ማታ ብቻውን መጠጣት ጀምሮ ነበር። መጀመሪያ ለእንቅልፍ፣ ኋላ ለመነሣት። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሐኪም ጋ ሄደ። «ችግሬ ቅዳሜ ከእናንተ ጋር የምጠጣው አይደለም» አለ። «ማክሰኞ ብቻዬን የምጠጣው ነው። ግን ቅዳሜን ከጠጣሁ ማክሰኞን መያዝ አልችልም።»

«ለምን አልነገርከንም?»

«ትላንት 'ምን ሆነህ ነው' ብላችሁ ስትጠይቁኝ መልስ ፈልጌ ነበር እኮ። መድኃኒት ነው ብል ትተዉኝ ነበር። ጾም ነው ብልም ትተዉኝ ነበር። ዝም ብዬ አልፈልግም ስል ግን አልተዋችሁኝም።»

ይሄ ዓረፍተ ነገር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እውነቱን ነው። እኛ ቤት አለመጠጣት ይፈቀዳል፣ ግን ፈቃድ ወረቀት ይጠይቃል። ሃይማኖት ይሠራል፣ እርግዝና ይሠራል፣ አንቲባዮቲክ ይሠራል። ፈቃድ የሌለው ሰው ግን ይለመናል፣ ይሳቅበታል፣ ብርሌ ወደ አፉ ይጠጋል። «በሞቴ» ደግ ቃል ነው። ያደግነው በእሱ ነው፤ እንግዳ አፍሮ ተርቦ እንዳይሄድ የተፈጠረ ቃል ነው። እኔ ግን ያን ማታ ለሚሰምጥ ሰው ውሃ ጨመርኩበት። በ2011 የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ማስታወቂያውን ለካ እኛ ሠርተን ጨርሰነዋል፦ ጓደኛ ማለት የሚቀዳልህ ነው።

ጥፋቴን ማረም ፈለግኩና፣ እንደ ልማዴ፣ ቸኮልኩ። ለቀጣዩ ቅዳሜ ለሲቪል ለብቻው ብርዝ አዘጋጀሁ። ማርና ውሃ ብቻ፣ ጌሾ የለው፣ ልጆች የሚጠጡት። አረፋ እንዲኖረው ብዬ በአምቦ ፕላስቲክ ዘግቼ አቆየሁት። ሲመጣ በኩራት ቀዳሁለት። «ይሄ ያንተ ነው፣ አልኮል የለውም።»

ብርሌውን አፍንጫው ጋ አስጠጋ። ጥቃቅን አረፋ ከታች ወደ ላይ ይወጣል።

«ስንት ቀኑ ነው?» አለኝ።

«ሦስት።»

ምንም ሳይናገር አስቀመጠው።

ፊቴ ጋለ። ኢንጂነር ነኝ ብዬ የምኮፈሰው እኔ፣ ከሁላችን በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔ! አንድ ሞለኪውል ግሉኮስ በእርሾ ሲብላላ ሁለት ሞለኪውል ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሁለት ሞለኪውል አልኮል ይሰጣል። አረፋውና አልኮሉ መንታ ናቸው፤ አንዱ ካለ ሌላውም አለ። ብርዙ ውስጥ ያየሁት አረፋ ሁሉ የአልኮል ደረሰኝ ነበር። ትንሽ ይሆናል፣ ለሌላ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። እሱ ግን የሚቆጥረው በመቶኛ አይደለም፣ በቀን ነው፤ ስልሳ ስምንተኛ ቀኑ ላይ ነበር።

«ይቅርታ» አልኩት። ከዚህ በላይ የምለው አልነበረኝም። እሱ ተነሣና ከጠረጴዛው ስር አንድ የአምቦ ጠርሙስ አውጥቶ ከፈተ። «ይሄ እኮ አለ» አለ። «ማንም አላብላላውም።»

አሁን ወደ ሌላ የተዘዋወርን አይምሰላችሁ፤ ጉለሌ ባር አለ። ጂኑም አለ፣ ጠጁም አለ፣ የሚጠጣው ይጠጣል። የተለወጠው ትንሽ ነገር ነው። አንድ፣ ሁለት ጆግ ይሠራል፤ አንዱ አልኮል ያለበት፣ አንዱ የሌለበት፤ ሁለቱም እኩል ይለፋባቸዋል። ለስድስት ዓመት ለፋርማሲስቷ ሚሪንዳ ስከፍት ለእኛ ግን ጦስኝ ሳፈላ እንደነበር ያስተዋልኩት ያኔ ነው። «እኔ እኮ ሚሪንዳ አልወድም» አለችን በመጨረሻ፣ እየሳቀች። ሁለት፣ ማንም ማንንም «ምን ሆነህ ነው» ብሎ አይጠይቅም። የመጣ ሰው ከፈለገው ጆግ ራሱ ይቀዳል። «በሞቴ» ለምግብ ብቻ ተፈቅዷል።

አልኮል የሌለበት ጆግ ኃላፊው ሲቪል ነው። ከርከዴ ደማቅ አድርጎ ያፈላል፣ ዝንጅብል ይቀጠቅጥበታል፣ በማር ያጣፍጠዋል፣ ያቀዘቅዘዋል፤ ሊቀርብ ሲል አምቦውን ቀስ ብሎ በብርሌው ጎን ያፈሳል። ቀይ ነው፣ አረፋው ሮዝ ነው፣ ዲዛይነሯ ከጠጁ ይልቅ የምታነሣው ይሄንን ሆኗል። በማሰሮ የማንጠብቀው፣ አልጋ ስር የማይፈነዳ ሻምፓኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ሳይት ጀምሮ ስለነበር ዘግይቶ መጣ፤ ጫማው ላይ ሲሚንቶ አለ። ከርከዴውን በእሱ ፈንታ እኔ ነበርኩ ያፈላሁት። ብርሌውን ሰጠሁት፣ ወደ መብራቱ አነሣው፣ አረፋውን አየ።

«ስንት ቀኑ ነው?» አለኝ።

«የዛሬ ነው።»

በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ ብርሌውን መልሶ ዘረጋልኝ። እኔም ሳልጠይቀው ቀዳሁለት።